ሉዶ፣ ገበጣና የልጅ ጠባይ፦ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ለብዙ ዓመታት የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበርኩ፤ የሁለት ልጆች እናትም ነኝ። ወላጆች ልጆቻቸውን ሊወስዱ ሲመጡ በር ላይ ይዘውኝ ከሚጠይቁኝ ውስጥ ስለ ፊደልና ስለ ቁጥር የነበረው ጥቂቱ ነው። አብዛኛው «ተራ መጠበቅ አይችልም»፣ «ሲሸነፍ ቤቱን ይበጠብጠዋል»፣ «ከእህቱ ጋር ዐሥር ደቂቃ ሳይጣላ መቀመጥ አይሆንለትም» የሚል ነበር። ለሁሉም የምመልሰው ተመሳሳይ ነው፦ ሰሌዳ ዘርግታችሁ አብራችሁ ተጫወቱ። ከዚያ ተከትለው የሚመጡት ጥያቄዎች ናቸው እዚህ የሰፈሩት።

ልጅን መምከር እያለ ጨዋታ ምን ይጨምራል?

ምክር የምንሰጠው ልጁ ሲረጋጋ ነው፤ ንዴቱ የሚመጣው ደግሞ ምክሩ በተረሳበት ሰዓት ነው። ሉዶን እንይ። ጠጠር ከቤት ለማውጣት ስድስት መጣል ያስፈልጋል። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ሰባት ጊዜ ጥላ ስድስት አልመጣላትም፤ ወንድሟ ግን ሁለት ጠጠር አውጥቶ ግማሽ መንገድ ሄዷል። በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ጉጉት፣ ቅናት፣ እልህ፣ ተስፋ መቁረጥ ሁሉም ይመጡባታል። ግን በትንሹ ነው የሚመጡባት፤ እናቷ አጠገቧ አለች፣ የሚጠፋውም አንዲት የፕላስቲክ ጠጠር ናት። ነገ ትምህርት ቤት ያው ስሜት ሲመጣባት እንግዳ አይሆንባትም።

አማርኛችን «ጨዋታ» በሚለው አንድ ቃል ሁለት ነገር ይጠራል። እንግዳ ቤት ገብቶ ዝም ሲል «ተጫወት እንጂ» የምንለው «አውራ» ለማለት ነው። እኔም ወላጆችን የምለምነው ሁለቱን ጨዋታ አንድ ላይ እንዲያደርጉ ነው። ሰሌዳውን ገዝቶ ለልጆቹ ሰጥቶ ወደ ቴሌቪዥኑ የዞረ ወላጅ ግማሹን ብቻ ነው የሰጣቸው። ልጁ ጠጠሩ ሲበላበት «ከፋህ አይደል? ደርሰህ ነበር እኮ» የሚለው ሰው አጠገቡ ከሌለ ንዴቱ ስም ሳያገኝ ያልፋል።

በስንት ዓመቱ፣ በየትኛው ጨዋታ ልጀምር?

በሁለትና በሦስት ዓመት ተራ ከመጠበቅ በላይ ምንም አትጠብቁ። ዘንቢል መሀል አስቀምጡና የተጠቀለለ ካልሲ በየተራ ጣሉበት፤ «የኔ ተራ»፣ «ያንተ ተራ» እያላችሁ። ይኸው ነው ጨዋታው። በዚህ ዕድሜ አፍ ውስጥ የሚገባ ጠጠርም ሆነ ባቄላ አታቅርቡ።

አራት ዓመት አካባቢ ትልቅ ለውጥ ይመጣል፤ ልጁ እሱ የሚያውቀውን ሌላው ሰው ላያውቅ እንደሚችል ይገባዋል። ከዚያ በፊት «ፍሬዋ በየትኛው እጅህ ናት?» ስትሉት ሁለቱንም እጁን ከፍቶ ያሳያችኋል። በዚህ ጊዜ እባብና መሰላል ጥሩ መጀመሪያ ነው። ምርጫ የለበትም፤ መጣል፣ መቁጠር፣ መውጣት፣ መውረድ ብቻ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ካንዲ ላንድን ታውቁታላችሁ፤ ማንበብም መቁጠርም አይፈልግም፣ ቀለም መለየት ይበቃል። ኤሌኖር አቦት የምትባል ሴት በፈረንጆች 1948 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በፈረንጆች ናቸው) ሳን ዲየጎ ሆስፒታል ውስጥ በፖሊዮ ተኝታ ሳለች አልጋ ላይ ለዋሉ ሕፃናት ብላ ነው ያሰበችው፤ በዓመቱ ታተመ። ለታመመ ልጅ የተሠራ መሆኑን ካወቅሁ ጀምሮ ያንን ሰሌዳ የማየው በሌላ ዓይን ነው።

ከአምስት ከስድስት ዓመት በኋላ ሉዶና ገበጣ ይመጣሉ፤ እዚህ ላይ ልጁ «የትኛውን ላንቀሳቅስ?» ብሎ መምረጥ ይጀምራል። ዳማ፣ ኡኖ፣ ሰንጠረዥ ከሰባት ዓመት ወዲህ ይሻላል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዕድሜ ግምት ነው፤ የልጃችሁን ትዕግሥት የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ልጄ ሲሸነፍ ያለቅሳል፣ ሰሌዳውን ይገለብጣል። ምን ላድርግ?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህን ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

ልጄ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሦስቱ ቀይ ጠጠሮቹ ገብተዋል፤ አራተኛው ወደ መግቢያው መስመር ሊታጠፍ ሁለት እርምጃ ቀርቶታል። እህቱ አራት ጣለች። ጣቷን እያስቀደመች ቆጠረች፤ አራተኛው ላይ በላችው። ለጥቂት ጊዜ ሰሌዳውን ዝም ብሎ አየ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሁሉንም በክንዱ ጠረገው፤ ዳይሱ ሶፋ ሥር ገባ። አክስቴ ከወጥ ቤት «ወንድ ልጅ አያለቅስም!» አለችው፤ ይኼኔ ለቅሶው ባሰ። እኔም አፌ ላይ ሁለት ነገር መጥቶልኝ ነበር፦ «ጨዋታ እኮ ነው» እና «ሁለተኛ አትጫወትም»። ሁለቱንም ዋጥኩና «ለመግባት ሁለት ብቻ ቀርቶህ ነበር» አልኩት። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ጉልበቴ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ሲወጣለት ጠጠሮቹን አብረን ለቀምን፤ ዳይሱን ሶፋ ሥር ተስቦ ያወጣው ራሱ ነው። በሳምንቱ ደግሞ ተበላበት። ትንፋሹን ሳብ አደረገና «አምስት ብቻ ቀርቶኝ ነበር» አለ፤ ዳይሱንም ለእህቱ አቀበላት።

«ጨዋታ እኮ ነው» የሚለው የማይሠራው ልጁ የደረሰበትን ነገር ስለሚክድበት ነው። እውነትም ሁለት ቀርቶት ነበር፤ እውነትም ያናድዳል። የደረሰበትን በትክክል ከነገራችሁት ሊያስረዳችሁ ብሎ መጮህ አያስፈልገውም።

ሌላው ነገር ዝግጅት ነው። ከመጀመራችሁ በፊት፣ በሰላሙ ሰዓት፣ «ዛሬ ከተበላብህ ምን ትላለህ?» ብላችሁ ጠይቁትና አንድ አባባል ይምረጥ። ክፍሌ ውስጥ አንዲት ልጅ የመረጠችው «እመለሳለሁ!» የሚል ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ተጠቀመችበት። ጨዋታውንም አሳጥሩት፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ለፍቶ መሸነፍ ለሕፃን ከባድ ነው። ሉዶን በአራት ፋንታ በሁለት ሁለት ጠጠር ብትጫወቱ ቶሎ ያልቃል፤ ተሸናፊውም ወዲያው ሌላ ዕድል ያገኛል። ሰሌዳ የገለበጠ ልጅ የበተነውን ይልቀም፤ የዚያን ቀን ጨዋታ እዚያ ላይ ያብቃ፤ ስብከትና ዱላ ግን አይከተሉ። እናንተም ስትሸነፉ ይስማችሁ፦ «ቅር አለኝ! ደህና አድርገሽ ነው ያሸነፍሽኝ፤ ድገሚኝ» በሉ። ልጅ አሸናፊ ማየት ብርቁ አይደለም፤ በክብር የሚሸነፍ ትልቅ ሰው ማየት ግን አይገጥመውም።

ጀርመን አገር ያደጉ ልጆቻችን የሚያውቁት የሉዶ ዘመድ ስሙ ራሱ «ሰው ሆይ፣ አትናደድ» ማለት ነው። ዮሴፍ ፍሪድሪኽ ሽሚት የተባለ ሰው ለራሱ ልጆች ብሎ ሠርቶ በ1910 ለገበያ አወጣው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ 3,000 ሰሌዳ ቁስለኞች ወደተኙባቸው ሆስፒታሎች ከላከ በኋላ አገር ምድሩ አወቀው። እኛም ለሽንፈት ሥርዓት ያበጀ ጨዋታ አለን። በእንቆቅልሽ መልሱ የጠፋበት ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል፤ ከዚያ መልሱ ይነገረዋል። የተሸነፈው የሚሰጠውም የሚያገኘውም ነገር አለ። እኛ ቤት ይህን ለሉዶ ተውሰነዋል፤ ተሸናፊው አገር ይሰጣል፣ በምትኩ ቀጣዩን ዙር እሱ ይጀምራል። ልቅሶው ቆሞ «የትኛውን አገር ልስጥ?» ወደሚል ሐሳብ ይዞራል።

እንዳይከፋው ሆን ብዬ ልሸነፍለት?

ብዙ ጊዜ አይጠቅምም። ልጆች የተሰጣቸውን ድል ያውቁታል፤ ካወቁ በኋላም እውነተኛውን ድላቸውን ይጠረጥራሉ። ከዚያ የሚሻለው በግልጽ ማመቻቸት ነው። በዳማ እናንተ አራት ቆርኪ ቀንሳችሁ ጀምሩ፤ በሉዶ እሱ አንድ ጠጠር ከቤት ወጥቶለት ይጀምር፤ ይህንንም ንገሩት፤ ሲጠነክር ልዩነቱን አጥብቡ። «ዛሬ ሁለት ብቻ ቀንሼ ነው የተጫወትኩት» ስትሉት የሚሰማው ኩራት የራሱ ነው። ዳይስ ያለበት ጨዋታ ደግሞ ዕድል ስለሚጫወትበት የአምስት ዓመት ልጅ አያቱን በቅንነት ያሸንፋል።

ያጭበረብራል። ዳይሱን ያገላብጣል፣ ቆጥሮ ይዘላል። ይህ ጠባይ ሆኖ ይቀራል?

በአራትና በአምስት ዓመት ይህ ማጭበርበር ተብሎ ባይጠራ ይሻላል። ሕፃኑ ማሸነፍ ይፈልጋል፤ ሕግ ደግሞ ገና ከውጭ የመጣ ነገር ነው። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ ጄኔቫና ኑሻቴል ውስጥ ልጆች ብይ ሲጫወቱ እየጠየቀ ያጠናውን በ1932 አሳትሟል። ትንንሾቹ ሕጉን ከትልልቅ ሰዎች የመጣና የማይነካ አድርገው ያዩታል፤ በተግባር ግን እንደመጣላቸው ይጫወታሉ። ዐሥር ዓመት አካባቢ ሲደርሱ ሕግ ተጫዋቾች ተስማምተው ያወጡት፣ ተስማምተውም ሊቀይሩት የሚችሉት መሆኑ ይገባቸዋል። ሰፈር ውስጥ ብይ የተጫወትን ሁሉ ይህን በዓይናችን አይተነዋል።

ስለዚህ ለትንሹ ሳትቆጡ «የወጣልህ አራት ነው፤ አብረን እንቁጠር» ብቻ በሉት። «ሌባ» የሚለው ቃል ከዚህ ሰሌዳ አጠገብ አይምጣ። ሰባትና ስምንት ዓመት ለሆነው ግን የቤታችሁን ሕግ በወረቀት አጽፉት። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ስድስት ከመጣ ይቃጠላል ወይስ ይቀጥላል? ወለል ላይ የወደቀ ዳይስ ይቆጠራል ወይስ ይደገማል? ልጆቼ በዚህ በወደቀው ዳይስ ጉዳይ ግማሽ ሰዓት ተከራክረው መጨረሻ ላይ «ይደገማል» ብለው ፈረሙ። የዚያን ቀን ጨዋታው ራሱ አልተጀመረም፤ እኔ ግን ከሁሉ የጠቀማቸው እሱ ቀን ነው እላለሁ። መደማመጥ፣ ማሳመን፣ መተው፣ ሁሉም እዚያ ክርክር ውስጥ ነበሩ።

«ምን ተሰማህ?» ስለው «ምንም» ወይም «ተናደድኩ» ብቻ ነው የሚለኝ

የቃል እጥረት ነው፤ ቋንቋችን ግን በዚህ ሀብታም ነው። ከፋኝ፣ ቅር አለኝ፣ እልህ ያዘኝ፣ ሆድ ባሰኝ፣ ቀናሁ፣ አፈርኩ፣ ደነገጥኩ፣ ጓጓሁ፣ ደበረኝ። ልዩነታቸው ትንሽ እንዳይመስላችሁ። እልህ የያዘው ልጅ የሚፈልገው ሌላ ዙር ነው። ሆድ የባሰው ልጅ ሌላ ዙር አይፈልግም፤ እቅፍ ውስጥ መግባት ነው የሚፈልገው። ቅር ያለው ልጅ ደግሞ የሆነ ሰው ያጎደለበት ነገር አለ፤ ያ እስኪነሳ ድረስ ከረሜላ ብትሰጡትም አይመለስም። «ተናደድኩ» በሚለው አንድ ቃል ሁሉንም ሲጠራ እናንተም የትኛውን መርዳት እንዳለባችሁ አታውቁም።

ወፍራም ወረቀት ዐሥር ቦታ ቆርጣችሁ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ስሜት ጻፉ፤ ማንበብ ለማይችለው ፊት ይሣልበት። በየተራ አንድ አንድ እየሳባችሁ ያለ ድምፅ፣ በፊትና በእጅ ብቻ አሳዩ፤ ሌላው ይገምት። የተገመተለት ሰው ያ ስሜት የተሰማውን አንድ ጊዜ ይናገር። ወላጅም አይቀርም። አንድ ማታ ባለቤቴ «አፈርኩ» የሚለው ደረሰው። በልጅነቱ ሰልፍ ላይ ጫማው ተቀዶ ጣቱ ወጥቶ ሲታይበት እግሩን በእግሩ ሸፍኖ መቆሙን ነገራቸው። ትንሿ ተነስታ እግሩን ይዛ ተቀመጠች። እኔም ይህን ታሪክ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

የሚሸጡት ውድ ናቸው። በቤት ውስጥ ባለ ነገር ምን ልሥራ?

ገበጣ። ሠላሳ እንቁላል የሚይዘው የካርቶን ትሪ ስድስት በአምስት ነው። ሁለት መደዳ ቆርጣችሁ ስታወጡ ዐሥራ ሁለት ጉድጓድ ያለው ገበጣ ተሠራ። የቀረው ሦስት መደዳ ደግሞ ባለ ዐሥራ ስምንቱ ገበጣ ነው። ሽምብራ ወይም ባቄላ ጨምሩበት። መሬት ላይ መቆፈርም ይቻላል፤ አያቶቻችን እንዲያ ነው የተጫወቱት። ይህ ጨዋታ በአክሱም ዘመን የነበረ ለመሆኑ ምልክቶች አሉ፤ ከ6ኛውና ከ7ኛው መቶ ዘመን የሚቆጠሩ ጉድጓዶች በትግራይ ባለችው የሓ እና በዛሬዋ ኤርትራ ባለችው መጠራ ተገኝተዋል።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ እኛ ቤት ለልጅ የምናስተምረው ቀላሉ ይህ ነው። በዐሥራ ሁለቱ ጉድጓዶች አራት አራት ፍሬ ይደረጋል፤ ጠቅላላው 48 ነው። ከራሳችሁ መደዳ የአንዱን ጉድጓድ ፍሬ ሁሉ አፍሳችሁ ወደ ቀኝ እየዞራችሁ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ትጥላላችሁ። የመጨረሻዋ ፍሬ ፍሬ ያለበት ጉድጓድ ላይ ካረፈች የዚያን ሁሉ አንስታችሁ ትቀጥላላችሁ፤ ባዶ ላይ ካረፈች ተራው የሌላው ነው። የመጨረሻዋ ፍሬ ጉድጓዱን ልክ አራት ካደረገችው ግን አትቀጥሉም፤ አራቱን ትወስዳላችሁ፤ ተራችሁም ያበቃል። ፍሬው ሲያልቅ ወይም የሚንቀሳቀስ ሲጠፋ ብዙ የሰበሰበ አሸነፈ።

ገበጣን ከሁሉም የማስቀድመው በአንድ ምክንያት ነው። በሉዶና በዳማ የኔ ጠጠር የኔ ነው፤ ቀለሙ ይለየዋል። በገበጣ ፍሬው የማንም አይደለም፤ የተራመድኩ እንደሆነም ወዳንተ ቤት መጣል ግዴታዬ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጫወቱ ልጆች እዚህ ላይ ይቆማሉ። አንዱ ተማሪዬ ፍሬውን በጭብጡ ጨብጦ «ለምንድን ነው ለሷ የምሰጣት?» አለኝ። «ካልሰጠሃት አትዞርም» አልኩት። ጥቂት አሰበና አንዷን ባቄላ በቀስታ አስቀመጠላት። ዞሮ ሲመለስ አራት አገኘ።

ሁልጊዜ ፉክክር መሆን አለበት? ልጄ ቁጡ ስለሆነ ያባብስበታል ብዬ እፈራለሁ

ፍርሃቱ መሠረት አለው። በ1994 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት የአራትና የአምስት ዓመት ልጆችን በትብብርና በፉክክር ጨዋታዎች አፈራርቆ ተመልክቷል። በትብብሩ ጊዜ መተባበራቸው ጨመረ፣ መማታትና መገፋፋታቸው ቀነሰ፤ በፉክክሩ ጊዜ የተገላቢጦሽ ሆነ። ስለዚህ ቶሎ የሚግል ልጅ ያላችሁ በትብብር ጀምሩ፤ ፉክክሩን በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። ፉክክርን ጨርሶ መተው ግን አልደግፍም፤ ኋላ ሕይወቱ ውስጥ የሚጠብቀው ነውና።

ሃባ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1986 ያወጣው «ኦርቻርድ» የሚባል ጨዋታ አለ። ልጆች ተባብረው ፍራፍሬውን ከዛፍ ይለቅማሉ፤ ቁራው ከቀደማቸው ሁሉም ይሸነፋሉ፤ ቀድመው ከጨረሱ ሁሉም ያሸንፋሉ። እኛ ቤት ቁራው ጅብ ሆኗል። በወረቀት ላይ ወደ በረቱ የሚወስድ ባለ አምስት እርምጃ መንገድ ሣልን፤ የጅብ ሥዕል ጫፉ ላይ ቆመ። ዐሥራ ስድስት ባቄላ ፍየሎች ናቸው። ዳይሱ ከአንድ እስከ አራት ከወጣ አንድ ፍየል በረት ትገባለች፤ አምስት ከወጣ ሁለት ይገባሉ፤ ስድስት ከወጣ ጅቡ አንድ ይራመዳል። ትንሿ ልጄ ስድስት ስትጥል የሚሆነውን ብታዩ! ድሮ የሚጮህባት ወንድሟ «አይዞሽ፣ ገና ሦስት ቀርቶታል» ይላታል።

ዕድሜያቸው የተራራቀ ልጆችን እንዴት አንድ ላይ ላጫውት?

ቡድን አድርጓቸው። ትንሹ ዳይስ ይጥላል፣ ትልቁ ይቆጥራል፣ የሚንቀሳቀሰውን ጠጠር ተማክረው ይመርጣሉ። ትልቁ ብቻውን እንዳይወስን «ትንሹ ሳይስማማ ጠጠር አይነሳም» የሚል ሕግ ጨምሩ።

ሰንጠረዥ ብልህ ያደርጋል ይባላል። ለጠባይስ?

ማሰብ፣ መታገሥ፣ ከመንካት በፊት ማየት ያስተምራል። ያገራችን ሰንጠረዥ ደግሞ የራሱ ድንቅ ጠባይ ነበረው። አጀማመሩ ላይ «ወረራ» የሚባል ጊዜ ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ ያንቀሳቅሱ ነበር፤ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ ሐሳቡን ይቀይር ነበር። ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው ተራ ይገባ የነበረው። ይህን ከዘጠኝ ዓመት በላይ ከሆናቸው ልጆች ጋር በተለመደው የቼዝ ሰሌዳ ሞክሬዋለሁ። መጀመሪያ ግርግር ነው፤ ከዚያ ልጆቹ ራሳቸው ዝግ ይላሉ፤ የቸኮለ እንደሚጎዳ ያዩታልና። ተራ ምን እንደሚጠቅም ለማሳየት ተራ የሌለበትን ጥቂት ደቂቃ ማሳየት ብዙ ከመናገር ይሻላል።

ዳይስና ካርታ ቁማር አይደሉም ወይ?

ገንዘብ ካልተያዘበት ቁማር አይደለም። ነገር ግን በሃይማኖታቸው ምክንያት ዳይስ ቤታቸው እንዲገባ የማይፈልጉ ቤተሰቦች አሉ፤ ብዙ ሙስሊም ወላጆች ይህን ነግረውኛል፤ ካርታ የማይወዱ ክርስቲያን ወላጆችም እንዲሁ። አክብሬ የምመልሰው ይህን ነው፦ ገበጣና ዳማ ዳይስም ካርታም የላቸውም፣ ልጁም ምንም አይጎድልበትም። ልጃችሁ ሌላ ቤት ሄዶ ሲጫወት ግን አስቀድማችሁ ለዚያ ቤት ወላጆች ንገሩ፤ ልጁ በሰው ፊት እንዳይሸማቀቅ።

ጊዜ የለኝም። ደግሞ ትልቅ ሰው ከልጅ ጋር ቁጭ ብሎ ሲጫወት ሰው ምን ይላል?

ዐሥራ አምስት፣ ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ቡና የሚፈላበት ቀን ጊዜው ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል፤ ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦል እስኪደርስ አንድ ሉዶ ያልቃል። በቶና መልሱን መጫወት ይቻላል።

ሰው የሚለውን በተመለከተ፣ አያቶችን ጋብዟቸው። መጀመሪያ «እኔ ከልጅ ጋር!» ይላሉ። ገበጣውን ፊታቸው ስታስቀምጡት ግን እጃቸው ያስታውሳል። ልጁም ሲቆጡትና ሲመርቁት ብቻ የሚያውቃቸውን ሰው ሲያስቡ፣ ሲሳሳቱ፣ ሲስቁ ያያቸዋል።

ስልክ ላይ ያለው ሉዶ አይተካውም?

ስልኩ ዳይሱን ይጥላል፣ ይቆጥራል፣ ሕጉን ያስከብራል፣ ያጭበረበረውን ይከለክላል። ልጁ ሊለማመደው የሚገባውን ሁሉ ስልኩ ሠራለት ማለት ነው። የተሸነፈ ልጅም አጥፍቶ ይወጣል፤ ያሸነፈው ሰው ፊት ምን እንደሚመስል አያይም። ለመንገድ፣ ለወረፋ ቢሆን አልቃወምም፤ ለጠባይ ግን ሰው ፊት ለፊት ይቀመጥ።

ልጄ ከጨዋታ ሁሉ ይሸሻል። ላስገድደው?

አታስገድዱት። መጀመሪያ ዳኛ ይሁን፣ ወይም ነጥብ ይያዝ፤ ብዙ ልጅ አይቶ አይቶ ነው የሚገባው። ለወራት ከማንም ጋር ምንም ካልተጫወተ፣ ሲጠሩት ካልዞረ፣ ወይም ንዴቱ ራሱንና ሌላውን እስከመጉዳት ከደረሰ የሕፃናት ሐኪም ጋር ውሰዱት። ይህ የጨዋታ ምርጫ ጉዳይ አይደለም።

ውጭ አገር ነን። ልጆቹ አማርኛቸው ደካማ ነው፤ አያቶቻቸው ደግሞ ሩቅ ናቸው

ያላችሁበትን አገር ጨዋታ አትናቁ። እስራኤል ያደጉ ልጆቻችን ታኪና ሩሚቁብን ከጎረቤት ልጅ ጋር እየተጫወቱ ነው ጓደኛ የሚያፈሩት። ቤት ውስጥ ግን ያንኑ ጨዋታ በአማርኛ አድርጉት። ሲቆጥሩ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ተራ ሲመጣ «የኔ ነው»፤ ሲናደዱ «እልህ ያዘኝ»። ቃል ከስሜት ጋር ሲመጣ አይረሳም።

በቪዲዮ መጫወትም ይቻላል። ክፍሌ ውስጥ የነበረች አንዲት ልጅ አባቷ ዓረብ አገር ለሥራ ሄዶ ነበር። ዓርብ ዓርብ እናቷ ስልኩን የስኳር ጣሳ ላይ ታስደግፍላትና ሉዶ ይጫወታሉ። ሰሌዳው እሷ ጋ ስለሆነ ለሁለቱም የምትጥለው፣ ለሁለቱም የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት። ስልኩ የሚያሳየው የእሷን ፊት እንጂ ዳይሱን አይደለም። እናቷ ከጎን ሆና ያየችውን ነገረችኝ። ልጅቷ ለአባቷ ጣለች። ዳይሱ ተንከባሎ ቆመ። አጎንብሳ አየችው፤ ጠጠሯን አየች፤ ስድስት ቆጥራ መለሰች፤ ዝም አለች። «ስንት ወጣልኝ?» አላት አባቷ። ጥቂት ቆየችና ጠጠሯን ራሷ ከመንገዱ አንስታ ወደ ቤቷ መለሰችው።

«ስድስት ነው አባዬ፤ በላኸኝ» አለችው።